በሻካራ ወረቀት የታተመ የቤተሰብ ፎቶ ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበው መቀደዱ ወይም መደብዘዙ ነው። ወረቀቱ ራሱ ጣጣ እንዳለው የሚገባው ፎቶው ስካን ተደርጎ ስክሪን ላይ ሲሰፋ፣ የአያቱ ፊት ከወንፊት ጀርባ የተቀመጠ ሲመስል ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ጥያቄዎች ነው።

በእጄ ስይዘው ጥርት ያለ ነው። ስካን ሳደርገው ለምን ነጠብጣብ ይወርሰዋል?

በእጅዎ ሲይዙት ሳይታወቅዎ ፎቶውን ወዲያና ወዲህ ያዘነብሉታል፤ ዓይንዎም የወረቀቱን ጉብታ ትቶ ሰውየውን ያያል። ስካነር እንዲህ ማድረግ አይችልም። መብራቱ አንድ ወገን ላይ ሆኖ ገደድ ብሎ ነው የሚያበራው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለች እያንዳንዷ ጉብታ በመብራቱ በኩል ትነጣለች፣ በጀርባዋ ጥላ ትጥላለች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የታረሰ ማሳ አይተው ያውቁ እንደሆነ፣ ቀትር ላይ የማይለየው ትልም ሁሉ ያኔ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ እዚህም የሆነው ያው ነው። ነጠብጣቡ ፎቶው ላይ የታተመ ነገር አይደለም፣ የወረቀቱ ጥላ ነው።

በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠሩት ስስና ቀላል ስካነሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያብሱታል። ወፈር ያሉት፣ በተለይ ከግራና ከቀኝ የሚያበሩት፣ ትንሽ ይሻላሉ።

ታዲያ ፎቶ ቤቶች ይህን ወረቀት ለምን መረጡት?

በጊዜው ጥሩ ምክንያት ነበራቸው። አብረቅራቂ ወረቀት የጣት አሻራ ይይዛል፣ ጭረት ያሳያል፣ ከፍሬም መስታወት ጋር ይጣበቃል። ሻካራው ይህን ሁሉ ይደብቃል፤ በዚያ ላይ ጨርቅ የመሰለ የክብር መልክ ነበረው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በብዙ አገር የሰርግና የምርቃት ፎቶ በዚህ ዓይነት ወረቀት ይታተም ነበር። ፎቶው አንድ ቀን መስታወት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ በመብራት እንደሚፈተሽ ያኔ ማን ሊያስብ!

የእኔ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መስኮት አጠገብ ይሂዱና ፎቶውን በዓይንዎ ልክ ጋደም አድርገው ይያዙት። ብርሃኑ ሲንሸራተትበት ከሦስት መልኮች አንዱን ያያሉ። አንደኛው የማር እንጀራ የሚመስል፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓዶች ተደርድረው የተያያዙበት ነው። ሁለተኛው ድርና ማጉ እንደሚታይ ሸማ ያለ፣ ቁመትና አግድም የተሠራ ነው። ሦስተኛው ሥርዓት የለውም፤ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል።

ልዩነቱ ለስም ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእኩል ርቀት ስለሚደጋገሙ ኮምፒውተር ለይቶ ሊያወጣቸው ይችላል። ብርቱካን ልጣጩን ግን ማውጣት አይቻልም፤ ገና ስካን ሲደረግ ነው ማለዘብ የሚቻለው። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ፕሮግራም ማውረድ አይጀምሩ።

ከስካን በፊት ላጽዳው?

አቧራውን ብቻ፤ በለስላሳ የመኳኳያ ብሩሽ ወይም በአየር መንፊያ። በጋቢ ጫፍ እትፍ ብሎ መወልወል የቤታችን ልማድ ነው፤ አሸዋ ቢጤ ካለበት ግን ጭረት ያተርፋሉ፣ ሻካራ ወረቀት ላይ ደግሞ እድፉ ጉድጓዶቹ ውስጥ ይገባና ጭራሽ አይወጣም። አልኮልና ሳኒታይዘር እንዳያስቡት። ክረምት ላይ ሻጋታ የያዘው ካለ ለብቻው ያስቀምጡት፤ ደረቅ ቦታ አናፍሰው ነው መቦረሽ ያለበት፣ ያውም ደጅ።

ከሙጫማው አልበም ጋር የተጣበቀ ከሆነ በጥፍር አይፈንቅሉት። ሰም የሌለበት የጥርስ ክር ከፎቶው ሥር አስገብተው ቀስ እያሉ እንደ መጋዝ ይሳቡ። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀውን ግን አይንኩት፤ ከነመስታወቱ ስካን ያድርጉት። የቀለሙ ሽፋን መስታወቱ ላይ ቀርቶ ነጭ ወረቀት ብቻ ሲነሳ አይቻለሁ፤ ያንን የሚመልስ ፕሮግራም የለም።

በስንት ዲፒአይ ስካን ላድርግ?

በ600። ዲፒአይ ማለት ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያነባቸው ነጥቦች ብዛት ነው። ለተራ ፎቶ 300 ይበቃል ይባላል፣ እውነትም ይበቃል። እዚህ ግን ስካነሩ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ጉብታውንም በወጉ ማንበብ አለበት። ጉብታው በቅጡ ካልተነበበ ከፊት ጋር ተቀይጦ ሌላ የማያምር ሞገድ ይፈጥራል፤ ያን ጊዜ መለየት አይቻልም። 9 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ሲነበብ ወደ 2126 በ2835 ፒክስል፣ ማለትም 6 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ይወጣዋል። ሲታተም በ300 ቢሄድ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይሰፋል፤ ለሳሎን ግድግዳ ይበቃል።

ፋይሉን በቲፍ ያስቀምጡ፣ በጄፔግ አይደለም። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች እየከፈለ ነው የሚጨምቀው፤ ይህ ደግሞ በራሱ ሌላ የሚደጋገም ሥርዓት ነው። ከአንዱ ወንፊት ልንወጣ ስንል ሌላ ወንፊት እንጨምራለን ማለት ነው። የስካነሩ ፕሮግራም ውስጥ ያሉትን የማጥሪያና የማሳመሪያ ምርጫዎች በሙሉ ያጥፉ። በተለይ “ዲስክሪን” የሚለው የተሠራው ለጋዜጣና ለመጽሔት ኅትመት ነው፤ እዚህ ሥራው ማደብዘዝ ብቻ ነው።

ጥቁርና ነጭ ፎቶም ቢሆን በከለር ያንብቡት። የሻይ እድፍና ቢጫነት ከሰውየው የሚለዩት በቀለም ነውና።

ፎቶውን አዙሮ ደጋግሞ ስካን ማድረግ የሚባለው ምንድን ነው?

ከዘዴዎቹ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ምንም ነገር አይፈለስፍም። ፎቶውን አንዴ ስካን ያደርጋሉ። ከዚያ ግማሽ ዙር አዙረው እንደገና። በመጀመሪያው ላይ የበራው የጉብታ ጎን በሁለተኛው ላይ ይጨልማል፤ የጨለመው ይበራል። ሁለቱን ምስሎች አቅንተው አንዱን ባንዱ ላይ ሲደርቡና የላይኛውን 50 በመቶ ሲያሳሱት ብርሃንና ጥላው እርስ በርስ ይጠፋፋል። ሰውየው ግን በሁለቱም ላይ አንድ ስለሆነ ይቀራል።

አራት ጊዜ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያዞሩ ካደረጉት የበለጠ ይለሰልሳል። ሌየሮቹን፣ ማለትም የሚደራረቡትን ምስሎች፣ ሲደርቡ ታችኛው 100፣ ቀጣዩ 50፣ ሦስተኛው 33፣ ላይኛው 25 በመቶ ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን ነው አራቱም እኩል ድርሻ የሚኖራቸው። ሁሉንም 25 ያደረጉ ሰዎች “አልሠራልኝም” ብለው ይጽፉልኛል።

አስቸጋሪው ማጋጠሙ ነው። አንድ ፒክስል ከተዛነፈ ሽፋሽፍቱ ሁለት ይሆናል። ፎቶሾፕ ሌየሮችን በራሱ የሚያስተካክልበት ትእዛዝ አለው፤ ጂምፕ በሚባለው ነፃ የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ግን በእጅ ነው፤ የላይኛውን ሌየር የሁለቱን ልዩነት ብቻ ወደሚያሳየው ሁነታ፣ ወደ “ዲፈረንስ” ቀይረው ምስሉ ከሞላ ጎደል ጥቁር እስኪሆን ድረስ ማንቀሳቀስ። ጥርት ያለ ምልክት ይፈልጉ፤ እኔ ብዙ ጊዜ የምጠቀመው የኮት ቁልፍና የዓይን ብሌን ነው። ለብርቱካን ልጣጩ ወረቀት ያለዎት መፍትሔ ይህ ነው፤ ለሌሎቹም ቢሆን ቀጣዩን ሥራ ያቀላል።

ስካነር የለኝም። በስልክ አንስቼው ይሆናል?

ይሆናል። የስካነሩ ችግር ብርሃኑ ከአንድ ወገን መምጣቱ ስለነበር፣ ስልክ ሲጠቀሙ ብርሃኑን ከሁለት ወገን ያምጡት። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉ፣ በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት መብራት በእኩል ርቀት ያስቀምጡ፣ ስልኩን በላዩ ቀጥ አድርገው በሆነ ነገር አስደግፉት። ፍላሽ አይጠቀሙ። ዝም ብሎ ደመናማ ቀን በረንዳ ላይ ማንሳትም ጥሩ ነው። የጉግል ፎቶስካን መተግበሪያ አንዱን ፎቶ መሃልና አራት ጥግ እያስነሳ ያዋህደዋል፤ ነጸብራቅን በደንብ ያጠፋል፤ ለጉብታው ግን ብዙ አይጠብቁበት።

ሥራዬ ብሎ ለሚይዘው ከዚህ የተሻለ አለ። መብራቶቹ ላይ ፖላራይዝድ ፕላስቲክ (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ) ይለጠፋል፣ ካሜራው ሌንስ ላይ ሌላ የፖላራይዘር ማጣሪያ ይገባል፤ ማጣሪያው ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ብልጭታው በአንዴ ድርግም ይላል። ጉብታዎቹ የሚያብረቀርቅ ጎናቸውን ሲያጡ ፎቶው ውሃ የተቀባ ያህል ይጠቁራል፣ ይጠልቃል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሌላ ፎቶ የቀየሩብኝ መስሎኝ ነበር። የቆዩ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ጠርዝ ላይ የሚወጣውን የብር ወዝም የሚያስወግደው ይኸው ነው።

ሁሉም የሚያወራው “ኤፍኤፍቲ” ምንድን ነው?

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ ፉሪየር በ1822 ሙቀት እንዴት እንደሚጓዝ ባሳተመው ሥራ ውስጥ አንድ ሐሳብ አስፍሯል፦ የተወሳሰበ የሚመስል ማንኛውም ቅርጽ የብዙ ቀላል ሞገዶች ድምር ነው። በ1965 ጄምስ ኩሊና ጆን ቱኪ ይህን በኮምፒውተር በፍጥነት የሚያሰላ ስልት አሳተሙ። ኤፍኤፍቲ የምንለው ያንን ፈጣን ስሌት ነው።

ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ይህ ነው። ማኅሌት ላይ ቆመው ዓይንዎን ቢጨፍኑ የብዙ ሰው ድምፅ፣ ጽናጽልና ከበሮ ተቀላቅሎ ይሰማዎታል። ከበሮው ግን ልኩን ጠብቆ ስለሚመታ ከሌላው ለይተው ሊከተሉት ይችላሉ። ኤፍኤፍቲ ፎቶውን ወስዶ “እዚህ ውስጥ በእኩል ርቀት የሚመታው ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቅና መልሱን በሌላ ምስል ያሳያል። ያ ምስል የሌሊት ሰማይ ይመስላል፤ መሃል ላይ ደማቅ ብርሃን፣ ዙሪያውን ግራጫ ጉም። ፊት፣ ልብስ፣ ጥላ ሁሉ ጉሙ ውስጥ ተበትኗል። የወረቀቱ ጉብታ ግን የሚደጋገም ስለሆነ በጥቂት ደማቅ ኮከቦች ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ማር እንጀራ ከሆነ ስድስት ኮከብ በክብ፤ እንደ ሸማ ከሆነ አራት በመስቀል ቅርጽ፤ ከእነሱም ራቅ ብለው ደብዘዝ ያሉ ሌሎች። እያንዳንዱ ኮከብ ከመሃሉ ማዶ በትክክል ትይዩ የሆነ መንትያ አለው።

ኮከቦቹን በጥቁር ቀብተው ስሌቱን ወደ ኋላ ሲመልሱት ከበሮው ዝም ይላል፤ ዜማው ይቀራል።

ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሠራል? የሚከፈልበት ፕሮግራም ግድ ነው?

ግድ አይደለም። ኢሜጅጄ የሚባል በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማት የተሠራ ነፃ ፕሮግራም አለ። ለሕክምናና ለባዮሎጂ ምስሎች የታሰበ ስለሆነ መልኩ ደረቅ ነው፣ ግን ሥራውን ይሠራል። አፊኒቲ ፎቶም ውስጥ ኤፍኤፍቲ ያለው ማጣሪያ አለ፤ የሚሠራውም በብሩሽ ነው። እዚህ በኢሜጅጄ ላሳይ።

ቲፉን ይክፈቱና ወደ 8 ቢት ግራጫ የተቀየረ ቅጂ ያዘጋጁ። “ፕሮሰስ” ከሚለው ሥር “ኤፍኤፍቲ” ውስጥ ገብተው “ኤፍኤፍቲ” የሚለውን ይጫኑ፤ የሌሊቱ ሰማይ በሌላ መስኮት ይመጣል። በክብ መምረጫው አንዱን ኮከብ ጠበብ አድርገው ያክብቡ፣ የፊት ቀለሙ ጥቁር መሆኑን አረጋግጠው “ኢዲት” ሥር ባለው “ፊል” ይሙሉት። መንትያውንም እንዲሁ። መሃል ላይ ያለውን ትልቅ ብርሃን ፈጽሞ አይንኩ፤ እሱ የምስሉ አጠቃላይ ድምቀት ነው። ሁሉንም ሲጨርሱ “ኢንቨርስ ኤፍኤፍቲ” ይበሉ። ወንፊቱ ተነስቶ ያገኙታል። አሁንም ጭላንጭል ካለ ራቅ ያሉትን ደብዛዛ ኮከቦች ይፈልጉ።

ከለር ፎቶ ከሆነ ይህን ግራጫ ውጤት በጂምፕ ወይም በፎቶሾፕ ከዋናው ከለር ስካን በላይ እንደ ሌየር ያስቀምጡና ሁነታውን ወደ “ሉሚኖሲቲ” ይቀይሩት። ጥላ የድምቀት እንጂ የቀለም ጉዳይ ስላልሆነ ቀለሙ ከታች ይመጣል፣ ንጽሕናው ከላይ።

ቅደም ተከተሉን አይዘንጉ። ኤፍኤፍቲ መጀመሪያ፤ ቀጥሎ ቅዳድና ጭረት መድፈን፤ ቀለም ማስተካከል፤ ማጥራት መጨረሻ። ወንፊቱ ሳይነሳ ቅዳድ የደፈነ ሰው የወረቀቱን ጉብታ ገልብጦ ባልሆነ ቦታ ይለጥፋል፣ ሥርዓቱም ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ኮከቦቹ ይደበዝዛሉ።

ከወረቀቱ ጋር ሌላ ነገርም አብሮ አይጠፋም?

ይጠፋል፤ የዚህ ሥራ ዋና ፈተና ይህ ነው። ኤፍኤፍቲ የሚያውቀው መደጋገምን ብቻ ነው፤ የሚደጋገመው የማን እንደሆነ አያውቅም። የእኛ ቤተሰብ ፎቶ ደግሞ በሚደጋገም ነገር የተሞላ ነው፦ ሹሩባ፣ የቀሚስ ጥልፍ፣ የነጠላ ጥለት፣ ሞሰብ፣ ከኋላ የተሰቀለው የፎቶ ቤት መጋረጃ።

በጀማሪነቴ የአክስቴን ፎቶ እንዲህ አበላሸሁት። ሹሩባዋ ከግንባሯ ወደ ኋላ ስስ ሆኖ ተሠርቶ፣ በአንድ ወገን ያለው የመስመሩ ርቀትና አቅጣጫ ከወረቀቱ ኮከቦች የአንዱን ጥንድ ይገጥም ኖሯል። እኔ ደግሞ ክቦቹን ሰፋ ሰፋ አድርጌ ነበር የሞላሁት። ፊቷ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ደስ ብሎኝ አሳትሜ ወሰድኩላት። እናቴ ከእጄ ተቀብላ ጥቂት አየችና “እህቴን ማን ላጫት?” አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አክስቴ ጥቁር ቆብ የደፋች መስላለች።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ፎቶዎች ዙሪያቸውን ነጭ ጠርዝ አላቸው። ጠርዙ ላይ ሰው የለም፣ ሹሩባ የለም፣ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ስካን ሲደረግ ጠርዙ አይቆረጥም። መጀመሪያ ከጠርዙ ላይ አንድ ካሬ ወስጄ ለብቻው ኤፍኤፍቲ እሠራለሁ፤ እዚያ የሚወጡት ኮከቦች በእርግጠኝነት የወረቀቱ ናቸው። ከዚያ በዚያው መጠን ሌላ ካሬ ከፀጉሩ ወይም ከጥለቱ ላይ ወስጄ አስተያያለሁ። በሁለቱም ላይ ያለው የወረቀቱ ነው፤ በሁለተኛው ላይ ብቻ ያለው የአክስቴ ነው፣ አይነካም። ካሬዎቹ እኩል መሆን አለባቸው፤ መጠኑ ሲለያይ ኮከቦቹም ቦታ ይቀይራሉ። ጠርዝ ከሌለው ባዶ ግድግዳ ወይም ሰማይ ይፈልጉ።

ሁለቱ አንድ ኮከብ ላይ ከተገናኙስ? ያኔ በማስክ ነው፣ ማለትም የአንዱን ሌየር ከፊል ሸፍኖ ሌላው እንዲታይ በማድረግ፤ ፊትና ልብሱን ከታደሰው፣ ፀጉሩን ከአዙሮ ስካኑ መውሰድ። ፀጉር ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ቢቀር ማንም አያየውም፤ ሹሩባ ቢጠፋ ግን እናት ታያለች።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያድሱ መተግበሪያዎች በአንድ ጠቅታ ይጨርሱታል። ለምን ልልፋ?

በጣም ተቀድዶ ሌላ ተስፋ ለሌለው ፎቶ እኔም እሞክራቸዋለሁ። ሻካራ ወረቀትን በቀጥታ ሲሰጧቸው ግን ጉብታውን የቆዳ ቀዳዳ ወይም የፊት ሽብሽብ አድርገው ይገምቱና በዚያ ላይ አዲስ ፊት ይሠራሉ። የሚወጣው ሰው ያምራል፤ ዘመድ ይመስላል፤ እሱ ግን አይደለም።

ከዚህ የባሰው የእኛን ነገር አለማወቃቸው ነው። በአንገትና በመንጋጋ ላይ ያለ ንቅሳት ለእነሱ የፎቶ ጭረት ነው፣ ይጠርጉታል። የግንባር መስቀል እድፍ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ የአያቷን ፎቶ በስልኳ አድሳ ላከችልኝ፤ ከዋናው ጋር ሳስተያየው ቀጭኑ ጥቁር ክር አንገቷ ላይ የለም። ባለማተቧን አያት መተግበሪያው ማተቧን በጥሶባታል! ቀለም የሚቀቡትም እንዲሁ፤ ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን ወይን ጠጅ ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ እነሱ ግን አንዱን መርጠው ይቀባሉ። የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ካለ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ።

መጠቀም ካማረዎ ወንፊቱን በኤፍኤፍቲ ካነሱ በኋላ ይሁን፣ ውጤቱንም ከዋናው በላይ በሌየር አስቀምጠው 30 ወይም 40 በመቶ ብቻ ያሳዩት።

የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ከለር ፎቶዎቻችን ሁሉ ለምን ቀይ ሆኑ?

በእኛ አቆጣጠር የእነዚያ ዓመታት ከለር ወረቀት ሦስት ቀለሞች ተደራርበው ነበር የሚሠራው፤ አልበም ውስጥ በጨለማ ሲቀመጥ ቶሎ የሚሞተው ውሃ ሰማያዊው ነው። እሱ ሲሄድ ቀዩ ይነግሣል። ቀለሙ የጠፋ ቢመስልም ጭላንጭሉ አብዛኛውን ጊዜ አለ። በጂምፕ ወይም በፎቶሾፕ “ሌቭልስ” ውስጥ ገብተው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻነሉን ለየብቻ ይክፈቱና የየአንዳንዱን ጫፍ ምስሉ እስከሚጀምርበትና እስከሚያልቅበት ድረስ ይሳቡ። ነጭ ለማግኘት ነጠላ ከመሃሉ ጥሩ መመዘኛ ነው፤ በትንሹ ቢጫ ይተዉት፣ የታጠበ ሸማ እንደ ወረቀት አይነጣም። የሰው ቆዳ መጨረሻ ላይ ይታያል እንጂ ከእሱ አይጀመርም።

ለነገ ሙት ዓመት ነው፤ ያለን አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ይደርሳል?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣው። ይደርሳል። ጉርድ ፎቶ ትንሽ ስለሆነ በ1200 ዲፒአይ ይነበብ፣ ኤፍኤፍቲውና ፊት ላይ ያለው ጭረት ብቻ ይሠራ፤ ልብሱና ጀርባው እንዳለ ይቆይ። ማኅተም ያረፈበት የመታወቂያ ፎቶ ከሆነ ማኅተሙ ትከሻ ላይ ካለ አይልፉበት፣ ቆርጠው ጠበብ ያድርጉት። ከሁሉ በላይ ብዙ አያስፉት። ጉርዱን ግድግዳ የሚያክል ባነር ላይ ማሳተም ሰውየውን ያጠፋዋል፤ ኤ4 ይበቃል። የቀረውን ከተዝካሩ በኋላ ተረጋግተው ይሥሩት።

ፎቶው አዲስ አበባ ነው፣ እኔ ውጭ አገር ነኝ። እንዴት ላስልከው?

እህትዎ በቴሌግራም ስትልክ “እንደ ፋይል” ብላ ትላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራምም ዋትስአፕም ይጨምቁታል፣ ጉብታና ፊት ተለውሶ ይደርስዎታል፤ ከዚያ በኋላ ኤፍኤፍቲ ምንም ኮከብ አያገኝም። “ልኬልሃለሁ እኮ” ትላለች፣ እርስዎ “አልደረሰኝም” ይላሉ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለእሷ ከመደወልዎ በፊት የትኛውን ምልክት እንደምትጫን በስክሪንሾት ይላኩላት። ዋናውን ፎቶ በሰው እጅ ማስላክ ካስፈለገ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል፣ ሳይታጠፍ፤ ከበርበሬና ከቅቤ በራቀ ሻንጣ።

ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ። እሱንስ?

ስካን ያድርጉት፣ ሳይውል ሳያድር። “ለማይረሳው ወንድሜ ለማስታወሻ ይሁን” የሚለው፣ ፊርማው፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ሁሉም የፎቶው አካል ነው። ማኅተሙ ብቻውን ከተማና ዘመን ሊናገር ይችላል፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው የቦያጂያን ቤተሰብ ማኅተም ያለበት ፎቶ ቢያገኙ፣ አዲስ አበባ ነው የተነሳው ብለው መጀመር ይችላሉ።

ቀኑን ሲመዘግቡ ይጠንቀቁ። የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የቀን ሳጥን የሚቀበለው የአውሮፓውያኑን ነው። ጥቅምት 1967 ማለት በእነሱ 1974 ነው፤ የካቲት 1967 ግን 1975። “1967” ብለው ዝም ካሉ ፎቶው በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ገና ያልተወለደች ልጅ በእናቷ ጀርባ ትታዘላለች። እኔ በፋይሉ ስም ላይ “1967 ዓ.ም.” ብዬ እጽፍና ሳጥኑ ውስጥ የእነሱን አስገባለሁ።

የታደሰውን እንደ ድሮው በሻካራ ወረቀት ላትመው?

የሚጠይቁኝ አሉ፤ ያለዚያ የእናታቸው ፎቶ አይመስላቸውም፣ ይገባኛል። ፍሬም ውስጥ ከመስታወት ኋላ ከሆነ ግን ልዩነቱ አይታይም፤ ሳያንጸባርቅ ለስለስ ባለ ማት ወረቀት ያሳትሙት። የልጅ ልጅዎ ፋይሉ ጠፍቶበት ይህንኑ ኅትመት ስካነር ላይ የሚደፋበት ቀን ሊመጣ ይችላል።